የጋሽ ሰይድ በርጩማ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12፤ ሐይቅ

ዛሬ ጋሽ ሰይድን በቼዝ አሸነፍኳቸው! ያውም እንደ ሌላ ጊዜው እንዲቀለኝ ብለው ንግሥታቸውን ከገበታው ሳያነሱልኝ።

ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ጨዋታውን ያስተማሩኝም እሳቸው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በስፌት ቤቴ በረንዳ ላይ ሲያሸንፉኝ የኖሩትም እሳቸው። ዛሬም ልሸነፍ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ተራው የእኔ ሆኖ እያሰብኩ ሳለ፣ የዐስር አዛን ተሰማ።

"ሰግጄ እስክመጣ እንዳትነኪው፣ አደራ" ብለውኝ ወደ መስጊድ ሄዱ።

አልነካሁም። ግን ጸሐይዋ ዐይኔን ስትወጋኝ ተነሥቼ በእሳቸው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሆኜ ሳየው ገበታው ሌላ ገበታ ሆነብኝ። ለካ ንጉሣቸው መውጫ የለውም! ፈረሴ አንዴ ቢዘል ያልቅላቸዋል።

ተመልሰው ገና ከመቀመጣቸው ፈረሴን አዘለልኩት። ቼክሜት!

"ወላሂ፣ ይኼን ከየት አየሽው?"

"ካንቱ በርጩማ ላይ ሆኜ።"

ከዚያ ተነሥተው መጡና በእኔ ቦታ ተቀመጡ። በሦስት ዓመት አንድም ቀን በዚህ በኩል ተቀምጠው አያውቁም። የገዛ ራሳቸውን ጦር ፊት ለፊት አፍጥጠው አዩት።

"አንቺ ልጅ፣ ይኼን ሁሉ እያየሽ ነው እስከዛሬ ያልሸሸሽኝ?" አሉኝ።