አንሶላችን ምልክትዎ ከሆነ ወዲህ

ለተከበሩ የፓርቲው ሊቀ መንበር፣

ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም እንደ ወንበርዎ የተመቸ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የምንሠራ ሴቶችን ምስጋና በአደባባይ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጉብኝትዎ እናመሰግናለን። በአንሶላ ተጠቅልሎ የሚመጣ መርፌ እጃችንን እየወጋን ወፍራም ጓንት ብንለምን ሰሚ ስላጣን፣ ያጠብነውን አንሶላ አውጥተን በመንገዱ ዳር በአጥሩ ላይ ሰቀልነው። ሰፈሩም አዘነልንና በየበረንዳው ነጭ አንሶላ ሰቀለልን። ይኼኔ እርስዎ ካሜራ አስከትለው መጡ፤ እህቶቼ እያሉ ጨበጡን፤ መኪናዎ ውስጥ ገብተውም እጅዎን በሶፍት ጠረጉ።

ሁለተኛ፣ አንሶላችንን የምርጫ ምልክትዎ በማድረግ ስላከበሩን እናመሰግናለን። ጩኸት ብቻውን ሕግ አይሆንም፣ በጥላችን ሥር ግቡ ብለውን ገባን። አንደበተ ርቱዕ የነበረችውን ጓደኛችንን ሹመት ሰጥተው ወሰዷት፤ ዛሬ ስልኳን የምታነሣው ጸሐፊዋ ናት። እርስዎ አሸነፉ። ጓንቱ ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

ሦስተኛ፣ በቅርቡ መርፌ የታናሽ እህቴን መዳፍ ወጋ። አራስነቷን ገና መጨረሷ ነው፤ የደም ምርመራው ውጤት እስኪመጣ እንዳታጠባ ተነግሯታል። ሕፃኑ ሲያለቅስ ደረቷን በክንዷ አፍና ወደ ጓሮ ትወጣለች። እኛም እንደ ልማዳችን አንሶላ ብንሰቅል፣ ሰዎችዎ መጥተው የፓርቲን ምልክት ያለ ፈቃድ መስቀል ክልክል ነው ብለው አወረዱት። ቀልደኛዋ ባልደረባችን፣ እንግዲያው ወንድሞቼ፣ የታጠበውን ለብሰነው ይድረቅ ወይ ብላ ብትጠይቃቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት።

አራተኛ የለኝም። ሦስቱም ያው አንድ ጓንት ነው።

ጩኸት ብቻውን ሕግ እንደማይሆን ያኔም አምኜዎታለሁ፣ ዛሬም አምናለሁ፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ወንዙን በትከሻችን አሻገርንዎት፤ ማዶ ሲደርሱ ግን እርጥብ ናችሁ ብለው ተጸየፉን። በሚመጣው ምርጫ ድምፅ የምንሰጠው ጓንቱን በእጃችን ካጠለቅን በኋላ ነው።

ለእጅዎ ልስላሴ ዕድሜ እየለመንኩ፣
በፍጹም ትሕትና፣
አንዲት አንሶላ አጣቢ

ማሳሰቢያ፦ ሰዎችዎ ከአጥሩ ያወረዱት አንሶላ በፓርቲዎ ጉባኤ አዳራሽ ከጀርባዎ እንደሚዘረጋ ሰማሁ። አንዳንድ መርፌ እጥበቱን አልፎ በጠርዙ ስፌት ውስጥ ተሰክቶ ስለሚቀር፣ ለፎቶግራፍ ሲሉ አንሶላውን እንዳያቅፉት። መንካት ግድ ከሆነብዎ ጓንት ያድርጉ።