የእናትሽ ድምፅ ያለበት ሸክላ

ለምወድሽ ልጄ ለቬርኔል፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ ወይ? ባልሽ ክሊቮንስ ወገቡን ተሻለው? ልጆቹ በዚያ በታኮማ ዝናብ እንዴት ይሆናሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የሚያመኝ የለም። የጓሮው ጎመን ዘንድሮ አምሮበት ለጎረቤት ሁሉ እያደልኩ ነው።

የላክሽልኝ ሸክላ በደህና ደርሶኛል። ከካርቶኑ ሳወጣው እናትሽ በወጣትነቷ፣ ፀጉሯን ከፍ አድርጋ አስይዛ፣ ከሽፋኑ ፎቶ ላይ ፊት ለፊት ስታየኝ አልጋው ላይ ዝርፍጥ አልኩ። እኔን ሳታውቀኝ የዘፈነቻቸውን፣ በየቦታው ተበትነው የቀሩትን ዘፈኖች ለቅመው በአንድ ማውጣታቸው ይገርማል። ሽፋኑ ላይ "ከቀደምቶቹ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሙዚቃ ድምፃውያን አንዷ" ይላል። እሷ ብታየው "ሥራ ፈቶች!" ትላቸው ነበር።

ግን ልጄ፣ ቶሎ አላጫወትኩትም። እናትሽ በመሠዊያው ፊት ተንበርክካ "ከእንግዲህ ለዓለም አልዘፍንም" ብላ ቃል እንደገባች፣ የነበሯትንም ሸክላዎች ከቤት እንዳወጣች ታውቂያለሽ። ቃሏን እስክትሞት ጠብቃለች። እሷ የዘጋችውን በር እኔ ብከፍተው እሷን መክዳት አይሆንብኝም? በሌላ በኩል ደግሞ ድምፅዋ ናፈቀኝ። ጉሮሮዋን ኦፕራሲዮን ካደረጓት ወዲህ ሹክሹክታ ብቻ ነው የቀራት፤ አንቺም ነፍስ ካወቅሽ ጀምሮ ሌላ ድምፅ አልሰማሽም። ብጸልይ ብጸልይ ልቤ አልቆርጥ አለ።

በመጨረሻ ሸክላውንም ማጫወቻውንም ይዤ እማማ ታዝዌል ዘንድ ሄድኩ። ያን ዕለት ከእናትሽ ጎን ተንበርክከው ቃል ያስገቧት እሳቸው አይደሉ? የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች አለቃ ስለሆኑ ቁጣቸውን ፈርቼ ነበር። ነገሩን ስነግራቸው ግን ከት ብለው ሳቁ። "አንተ ዲያቆን ሉሸስ፣ የገዛ ሚስትህን ለመስማት ፈቃድ ልትጠይቅ መጣህ? ደግሞ እንደ ሕፃን አቅፈኸዋል! በል አጫውተው፤ ኃጢአት ከሆነም አብረን ንስሐ እንገባለን" አሉኝ።

አጫወትኩት። የመጀመሪያው ዘፈን የጭፈራ ነበር፤ እማማ ከንፈራቸውን ጠበቅ አድርገው አዳመጡት። ሁለተኛው ቀስ ያለ ነው። እናትሽ ስንኙን ብቻዋን ታወጣና ትተወዋለች፤ ጥሩምባ ነፊዎቹ ተቀብለው እየጎተቱ ይመልሱላታል። ረቡዕ ረቡዕ በጸሎት ስብሰባችን ዲያቆኑ የመዝሙሩን ስንኝ ሲያወጣ ጉባኤው እያስረዘመ እንደሚቀበለው፣ ቁርጥ እሱን ነው። እማማም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን አንሥተው መቀበል ጀመሩ። እኔም ሳላስበው ተከተልኳቸው። ሲያልቅ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው "ቆይ እስቲ፣ የዘፈኑ ግጥም ምን ይላል?" አሉኝ። "ሚስቱን ጥሎ ስለሄደ ሰካራም ነው፣ እማማ" ብላቸው፣ "ጌታ ሆይ ማረኝ! ለዚያ ዱርዬ ነው እንዴ እጄን ያነሣሁት?" ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ከዚያ ግን እንባቸውን ጠራርገው፣ "ኦሪሊያ ቃል የገባችው ስለ ራሷ ነው፤ ፈጸመችውም። አንተን አላስማልኩህም። ልጅ የእናቷን ድምፅ ብትሰማ የሚቆጣ አምላክ ደግሞ እኔ አላውቅም" አሉኝ። ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሣልኝ ያህል ቀለለኝ። እና ልጄ፣ አንቺም አንዱን ለራስሽ ገዝተሽ ሳትሳቀቂ ስሚው።

የመጨረሻው ዘፈን ከመጀመሩ በፊት እናትሽ ለሙዚቀኞቹ "ኧረ ቆዩኝ፣ ትንፋሼን ልሰብስብ!" ብላ ስትስቅ ይሰማል። አዘጋጆቹ ሳይቆርጡ ትተውታል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ያን ሳቅ ከነአካቴው የረሳሁት መስሎኝ ነበር፤ የማጫወቻውን መርፌ እየመለስኩ ደጋግሜ ሰማሁት። ቬርኔል፣ ያንቺው ሳቅ ነው። ለካ እሑድ እሑድ ስትደውዪልኝ ስሰማው ኖሬያለሁ።

ለክሊቮን ከባድ ነገር እንዳያነሣ ንገሪልኝ። ልጆቹን፣ ጃኒስን ግንባሯን፣ ሬጂን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። እማማ ታዝዌልም "ያቺ ልጅ ትባረክ" ብለውሻል፤ እኔም አሜን ብያለሁ።

አባትሽ ሉሸስ
ሞቢል፣ አላባማ
እሑድ ኦክቶበር 14 ቀን 1984