የማይጎድለው ብልቃጥ

ሐረር፣ ጀጎል
ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሚስኪ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ። ሐዋሳን ለመድሽው? ትምህርቱስ እንዴት ነው? ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን ዐድናን ወደዚያ ለሥራ ሲሄድ ይዞልሽ ይመጣል። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄን ስለምታውቂው እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።

ወስዋሴን፣ ያን የማይለቀኝን ጥርጣሬ፣ መቼም አትረሽውም። ለሶላት ዉዱእ አድርጌ ምንጣፉ ላይ ሳልቆም «እግሬን ታጥቤያለሁ?» ብዬ የምመለሰው፣ በሩን ቆልፌ ወጥቼ ከፈረስ መጋላ የምመለሰው። አንቺ እያለሽ «እማ፣ ቆልፈሻል፣ አይቼሻለሁ» ትይኝ ነበር። ከሄድሽ በኋላ የሚያይልኝ አጣሁ።

ሐኪሙ የማስታወስ ችሎታሽ ጤነኛ ነው፣ ደጋግመሽ ስታረጋግጪ ነው የሚደበዝዝብሽ ብሎኛል። ብዙ የታጠበ ልብስ ቀለሙን እንደሚለቅ መሆኑ ነው። ስለ ዉዱእ የጠየቅኋቸው ሼኽም «ወስዋስ ያለበት ሰው ጥርጣሬው አይቆጠርም። አድርጌያለሁ ብለሽ እለፊ፣ አትመለሺ» አሉኝ። ልጄ፣ ከዚያ ወዲህ ሶላቴን ያለ ጭንቀት እሰግዳለሁ። ደስ ብሎኝ ለበሩም እንዲሁ አደረግኩ።

ለአባትሽ የስኳር መርፌም እንዲሁ አደረግኩ። ጠዋት ጠዋት ያው ወንበር፣ ያው ክንድ ስለሆነ የዛሬውን ከትናንቱ መለየት ያቅተኝ ነበር። ሁለቴ ከተወጉ አደጋ ነው ብለሽ ያስጠነቀቅሽኝ አንቺ ነሽ። ስለዚህ ጥርጣሬው ሲመጣብኝ «ወግቻለሁ» ብዬ አልፋለሁ። እሳቸውን ብጠይቅ «አንቺ ታውቂያለሽ» ነው መልሳቸው። የስኳር መለኪያው ወረቀት ደግሞ አልቋል።

አባትሽ ደህና ናቸው። ትንሽ ከስተዋል። ውሃ ውሃ ይላሉ፣ ጆጉን ሞልቼ ዞር ሳልል ባዶ ይሆናል። ሱቅ መውረዱን ትተው ይተኛሉ። ትናንት እህቴ ናፊያ ልትጠይቃቸው መጥታ ጎንበስ ብላ ስትስማቸው «አፋቸው የበሰለ ዘይቱና ይሸታል፣ ለእኔ ሳታስቀሩልኝ?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ቤታችን ዘይቱና የለም።

ልትሄጂ ስትይ ሸዋ በር አብረን የገዛነው የኢንሱሊን ብልቃጥ ትዝ ይልሻል? በወሩ ያልቃል ብለሽኝ ነበር፤ ወሩ ሞልቷል። ዛሬ ፍሪጁን ከፍቼ አየሁት፣ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። ለናፊያ ብነግራት «በረካ ነው፣ አልሐምዱሊላህ በይ» አለችኝ። አልኩ። ደግሜ ላየው እጄን ፍሪጁ ላይ ካሳረፍኩ በኋላ ሼኹ ያሉኝን አስታውሼ ተመለስኩ።

ፈርቻለሁ ሚስኪ። ደብዳቤው እንደደረሰሽ ደውዪልኝና በረካ ነው በይኝ። ሌላ ነገር አትበይኝ።

አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ እውቀትሽን ለሰው የሚጠቅም ያድርግልሽ። አባትሽ ሰላም ብለውሻል። ማለቴ፣ ቢነቁ ይሉሽ ነበር።

እናትሽ ፈሂማ