ቀዩን ባንዲራ ላኪልኝ ላልከኝ

ለቀድሞው እጮኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ስምንት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅከኝን ጤና አሁን ስለጠየቅከኝ፣ ደህና ነኝ። ቀኝ ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያመኛል። እናትህን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አገኛታለሁ፤ ጆሮዋ ደከም አለ እንጂ በርትታለች።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሕጉ መሻሩን፣ ከእንግዲህ በሞተር ከሚሄድ ጋሪ ፊት ማንም ባንዲራ ይዞ መሄድ እንደማያስፈልገው ጽፈህልኛል። እኛም ጋዜጣ እናነባለን። ለንደን ውስጥ በምታደርጉት ግብዣ ላይ፣ የተጋበዙት ጌቶች እያዩ ቀዳዳችሁ ልትጥሉት ያን የእኛን ቀይ ባንዲራ እንድልክልህ ጠይቀሃል። «መቼም አልጣልሽውም» ብለሃል። አልጣልኩትም።

ግን ጌቶቹ ፊት ስትናገር እንዳትሳሳት ላስታውስህ። ዳኛው በእጅህ የሠራኸውን ባለሦስት ጎማ ሞተር በእንፋሎት ከሚሄደው የመንገድ መዳመጫ ጋር አንድ አድርጎ፣ «ሰው ባንዲራ ይዞ ይቅደመው፤ መንደር ውስጥ በሰዓት ከሁለት ማይል አይለፍ» አለህ። አንተ «ጌታዬ፣ ከአራት ማይል በታች ከሄደ ይጠፋል» ብለህ ተከራከርክ። «ይጥፋዋ! ለፈረሶቼ እረፍት ነው» ሲልህ ችሎቱ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ሕጉንና ሞተሩን ለማስታረቅ የተገኘው ዘዴ እኔ ነበርኩ። ፖሊስ ሲኖር እራመዳለሁ፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ ትገፋዋለህ። ፖሊስ ከሌለ እሮጣለሁ። በአንድ እጄ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በሌላው ባንዲራውን ይዤ፣ ከኋላዬ ጢስና ጩኸት። ዳቦ ጋጋሪው ፔንፎልድ በሩ ላይ ቆሞ «ኧረ ሩጪ እቴ፣ ደረሰብሽ!» ሲለኝ መንገደኛው ይንከተከት ነበር። አንተም ትስቅ ነበር፤ ይሰማኝ ነበር።

ሞተሩን ልታሳይ የሄድክበትን የትርኢቱን ቀን መቼም አትረሳውም። ገንዘብ ያወጡልሃል የተባሉት ሰዎች ከተማ ሆነው እስከ ቀትር ይጠብቁህ ነበር። መንገዱ አሥራ አንድ ማይል ነው። ጠዋት «ዛሬስ አልችልም፤ የምነግርህም ነገር አለኝ» አልኩህ። «ስንመለስ ትነግሪኛለሽ» አልክ። ኮረብታው ላይ «እባክህ ትንሽ ከኋላህ ልቀመጥ» ብዬ ለመንኩህ። «አንቺ ከተቀመጥሽ ማን ሊቀድመኝ ነው? ልታሳስሪኝ ነው?» አልክ። ከወይዘሮ ታፕሴል እርሻ ፊት ለፊት አጥሩ ሥር ቁጭ ስል «ኧረ ተነሺ፣ ሞተሩ ሊጠፋ ነው!» እያልክ ጮህክብኝ። ወዲያው መርፌና ክር የሚሸጥ አዟሪ ሲያልፍ አገኘህና፣ የአንገቱን ቀይ መሐረብ ዱላው ላይ አሳስረህ፣ አስቀድመኸው ሄድክ። ኩርባው ጋ እስክትደርስ አየሁህ። አልዞርክም። ሌላውን ሁሉ ሕጉ ነው ያደረገው እላለሁ፤ ይህን ግን ሕጉ አላዘዘህም።

ሰዎቹ ሞተሩን አድንቀው ሲያበቁ «በዚህ ሕግ ማን ይገዛዋል?» ብለው ባዶ እጅህን እንደሸኙህ የሰማሁት ከእናትህ ነው። በሳምንቱ ወደ ፈረንሳይ መሻገርህንም እንደዚሁ። እኔ ያኔ ወይዘሮ ታፕሴል ቤት ነበርኩ፤ ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። ደግ ሴት ናት። አንድም ነገር ሳትጠይቀኝ አንሶላውን ሁሉ ራሷ አጠበችልኝ። በገባሁ ማግስት ቄሱ ዘንድ ሄዳ ነበር፤ «ላልተጠመቀ ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ግቢያችን ቦታ የለንም» ብለው መለሷት። ስትመለስ ባንዲራውን ልውሰደው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ሱፍ ነበር፤ ይሞቃል። እሺ አልኳት።

ስለዚህ ልልክልህ አልችልም። እርሻዋ ጥግ፣ ከፖም ዛፎቹ ሥር ነው ያለው። በየዓመቱ እየሄድኩ ሣሩን አጭድለታለሁ። ለግብዣችሁ ሌላ ቀይ ጨርቅ ግዙ፤ ጌቶቹ አይለዩትም።

መንገዱ ይቅናህ። እግዚአብሔር ለልጆችህ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልህ። እናትህ «ልጄ የሁለት ልጆች አባት ሆነ» ብላ ነገረችኝ። አላረምኳትም።

የቀድሞ እጮኛህ