የእናትሽ ስምና የተተወው ቤት

ለውድ ልጄ ለብርቱካን፣

እንዴት ነሽ ልጄ? ጤናሽስ እንዴት ነው? የኖርዌይ ብርድ እንዴት አደረገሽ? ያ ክረምት ክረምት ያስቸግርሽ የነበረው ሳል ተወሽ ወይስ አብሮሽ ባሕር ተሻገረ? ማጉያ መሣሪያው ላይ አፍጥጠሽ የምትውይበት ዓይንሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጾሙ ገብቷል፣ የመርሳ ሙቀትም ጀምሯል፣ የግራና ገበሬ ሽንኩርቱን እያወጣ ነው። የመለዋወጫ ሱቄም አንዳንዴ ደህና፣ አንዳንዴ ቀዝቀዝ እያለች አለች።

ደብዳቤሽን ወንድምሽ ቢኒያም ከወልድያ ፖስታ ቤት ይዞልኝ መጣ። አመሌን ታውቂዋለሽ፣ በተራ በተራ ካልጻፍኩ ይጠፋኛል።

አንደኛ፣ ስለ ሥራሽ የገባኝን ልጻፍ፣ ከተሳሳትኩ አርሚኝ። ድሮ ባሕር ውስጥ በዓይን የማይታይ ፍጥረት ነበረ። ጊዜው ሲከፋበት ጠንካራ ቤት ሠርቶ እዚያ ውስጥ ይተኛል። ደግ ጊዜ ሲመጣ ከግድግዳው አንድ ቁራጭ ገፍቶ ይወጣና ይሄዳል። ባዶው ቤት ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ጭቃው ድንጋይ ይሆናል፣ አንቺ ደግሞ ድንጋዩን በአሲድ አሟሙተሽ ቤቱን ታወጪዋለሽ። (አሲዱን ስትይዢ ጓንት አድርጊ፣ አደራ።) ከዚህ በፊት አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ቀንድ ስላለው ብቻ ከሌላ ወገን ደባልቀውት ኖሯል። አንቺ ግን በሩን አየሽ። የእነዚያ በር ከአናት ነው፣ ክዳኑ እንዳለ ይነሳል። የዚህኛው ግን ከጀርባው አንዲት ቁራጭ ብቻ ናት። ስለዚህ ለብቻው ወገን ነው፣ እኛን በትምህርት ቤት ጂነስ ብለው ያስተማሩን ማለት ነው። ይሄ አሳምኖኛል። በሬም ፍየልም ቀንድ አለው፣ ማን አንድ ናቸው ይላል?

ሁለተኛ፣ ሽማግሌውን ተሳስተዋል ብለሽ መጻፍሽ እንቅልፍ ነስቶኛል። ሳይንስ እንዲህ ነው ብለሻል፣ ይሁን። ግን ከመታተሙ በፊት ራስሽ አሳውቂያቸው፣ ከሰው አፍ አይስሙት። እዚህ ቢሆን ሁለት ሽማግሌ ይዤ ቤታቸው እሄድልሽ ነበር።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ለአዲሱ ወገን የእናትሽን ስም ልትሰጪው እንደሆነ፣ እሷን እንዳስፈቅድልሽና እስከ መጋቢት መጨረሻ እንድመልስልሽ ጽፈሻል። እኔ ችኩሉ ደብዳቤውን ሳልጨርስ ወጥ ቤት ገብቼ፣ የሻረግ፣ ልጅሽ ስምሽን ከሞተ ስንት ሚሊዮን ዓመት ለሆነው ነገር ልትሰጠው ነው አልኳት። እናትሽ ሽሮውን ማማሰሏን ተወችው። «በቁሜ ስሜን መቃብር ላይ ልትጽፈው?» አለችኝና ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ስትመለስም ፊቷ አልተፈታም። ደም ብዛቷን ታውቂያለሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ሟርት እንዳይሆንባት ፈራሁ። እምቢ ብላለች ብዬ ልጽፍልሽ ወረቀት አውጥቼ ነበር።

ጎረቤታችን ከድጃ ነገሩን ሰምታ ኖሮ መጣች። «አንቺ የሻረግ፣ በዓይን ለማይታይ ነገር ነው አሉ ስምሽን የሰጡልሽ! እኔ ወላሂ ከተራራ በታች አልቀበልም!» ስትላት እናትሽ ሳትወድ ሳቀች። ከዚያ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው አንብብልኝ አለችኝ። ሳልዘል አነበብኩላት። በሩ ጋ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ማነው የከፈተው? ሰብረውበት ነው?» አለች። ኧረ ራሱ ነው፣ ከውስጥ ገፍቶ ነው አልኳት። «ሬሳውስ እውስጡ አለ?» አለች። የለም፣ ባዶ ነው ብዬ የላክሽውን ፎቶ ሰጠኋት። ወደ መስኮቱ ወስዳ ብዙ አየችው። «ታዲያ ሞተ ያልከኝ አንተ ነህ እንጂ እሷ መች አለች? ይሄ መቃብር አይደለም። ባለቤቱ ወጥቶ የሄደበት ቤት ነው» አለችኝ። ከድጃም፣ «መቃብሩስ ያንተ አፍ ነው፣ ይርጋ!» ብላ ሰደበችኝ።

እና ፈቅዳለች ልጄ። ጻፊው። ብቻ እኔ አንድ ነገር ልለምንሽ። ለወገኑ ሁሉ ምሳሌ ሆኖ የሚቀመጥ አንድ አለ ብለሻል። በሩ ሳይከፈት የቀረ ካጋጠመሽ እሱን ተዪው፣ ለእናትሽ ስም በሩ በደንብ የተከፈተውን ምረጪ። አራተኛ ነገርም ነበረኝ፣ ጠፋኝ።

ቢኒያም ሰላም ብሎሻል፣ ሚኒባሷን አሁን ራሱ መንዳት ጀምሯል፣ ጸልዪለት። ታናሽ እህትሽ ፀሐይ ፎቶውን ትምህርት ቤት ወስዳ ለጓደኞቿ አሳየች፣ ስትናፍቅሽ ነው የምትውለው። አጎትሽ ስዩም ከውርጌሳ ሰላምታ ልኮልሻል። ከድጃ ተራራው እንዳይረሳ ብላለች።

እናትሽ አሁን አጠገቤ ተቀምጣለች። ይሄን ጨምርበት ትለኛለች፦ «የወጣው ፍጥረት ወደዚያ ቤት ተመልሶ እንደማይገባ ጽፋለች። እሱ እንዲያ ነው። እሷ ግን ልጄ ናት፣ በሩ የት እንደሆነ ታውቀዋለች በላት።»

አባትሽ ይርጋ

መርሳ፣ ሀብሩ
የካቲት ፳፪ ቀን ፲፱፻፺፮ ዓ.ም.