ኮርማዬ ደህና ነው፤ የእህቴ ባል ግን ተሰብሯል

ለተከበሩ የመድን ድርጅቱ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፦

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የማይንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍዎም እንደ ጎረቤቴ እንቅልፍ የጠለቀ ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኝልዎታለሁ። እኔ በሰፈሩ «ወተቷ» እየተባልኩ የምጠራ፣ ላሞች አርብቼ ወተቱን በግቢዬ ደጃፍ የምሸጥ፣ የእርስዎም ታማኝ ደንበኛ ነኝ። በግልጽ መጻፌ ቅር እንዳይልዎት፤ ምስጋና በአደባባይ ሲሆን ያምራል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ወኪልዎን አመሰግናለሁ። ያ ጨዋ ልጅ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ግቢዬ ገብቶ፣ በረቴን፣ ከብቶቼንና የወተት ማቀዝቀዣዬን ከእሳት፣ ከሌባና ከበሽታ ዋስትና አስገባልኝ። ሲጨርስም «እንግዲህ እናቴ፣ እግርዎን ዘርግተው ይተኙ፤ ሁሉም ነገር ተሸፍኗል» ብሎኝ ሄደ። እኔም የዋህ ነኝና «ሁሉም» ማለት ሁሉም መሰለኝ፤ እግሬን ዘረጋሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጎረቤቴ ነው። አጥር የሚለየን ንብ አርቢ ነው፤ በሩን ከቆለፈ በኋላ ተመልሶ መቆለፉን የሚያይ ሰው ስለሆነ ሰፈሩ «አቶ ጥንቁቅ» ይለዋል። ክቡርነትዎን መዋሸት ነውር ነውና፣ እቀናበታለሁ። የግቢው በር ቀለሙ አይለቅም፣ ጣራው አያፈስም፣ ዶሮዎቹ እንኳ የኔዎቹ ሲያኮርፉ እንቁላል ይጥላሉ። ይባስ ብሎ ንቦቹ ለላሞቼ መኖ ከዘራሁት አልፋልፋ ላይ ቀስመው የሚሠሩትን ማር መልሶ ለእኔው ይሸጥልኛል!

ታዲያ ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ንቦቹ ተቆጥተው በመንገድ የምታልፍ ልብስ ሰፊ ወረሯት። ምስኪኗ ስትሸሽ ቦይ ውስጥ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ለእሷ በእውነት አዘንኩ፤ ለእሱ ግን በሆዴ «አሁን ጉድህ ፈላ» አልኩ። ጉዱ ሳይፈላ ቀረ። የእርስዎ ሰው ሆስፒታል ድረስ ሄዶ የሕክምናዋን ወጪ ቻለ፣ ሥራ ለፈታችበትም ጊዜ ካሳዋን ሰጣት። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቴን ዓይንህን አልይ ያለችው ከመሰለዎት ተሳስተዋል። ክንዷ እንደ ዳነ ኮት ሰፍታ አመጣችለት። ኮቱ ደግሞ ልክክ ብሎለታል። የሰው ክንድ ያሰበረ ሰው ኮት ሲሸለም በአጥሬ ቀዳዳ ቆሜ አየሁ።

ሦስተኛ፣ ተራው የእኔ ሆነ። የታናሽ እህቴ ባል የከብት ሐኪም ነው። አንድ ጠዋት ጥጆቼን ሊከትብልኝ መጥቶ ሳለ፣ ኮርማዬ የበረቱን መቀርቀሪያ ገንጥሎ ወጣና ከግድግዳ ጋር አጣበቀው። ጭኑ ተሰበረ፤ ጎድኑም ተረፈ አይባልም። ሆስፒታል አድርሼው፣ ደሙ ቀሚሴ ላይ ሳይደርቅ ወደ ቅርንጫፍዎ በረርኩ። በመስኮቱ የተቀመጠችው ትሁት ሠራተኛዎ ጉዳዬን ሰምታ ኮምፒውተሯን ጎርጎር አደረገችና፣

«ኮርማው እንዴት ነው?» አለችኝ።

«እሱማ ደህና ነው።»

«ተመስገን! እንግዲያው በእኛ በኩል የደረሰ ጉዳት የለም» ብላ ፈገግ አለችልኝ።

ለከብቴ ጤና ያሳየችውን ይህን አሳቢነት በሕይወት እስካለሁ አልረሳውም።

አራተኛ፣ በዚህ ሳቢያ ከእህቴ ጋር ሆድና ጀርባ ሆንን። በሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ሰው እየሰማ፣ «ላሞችሽ ዋስትና አላቸው፣ ማቀዝቀዣሽ ዋስትና አለው፤ የኔ ባል ግን ከማቀዝቀዣ አነሰብሽ!» አለችኝ። ባሏ ክፍሉ ውስጥ ከአልጋው ሆኖ «ተይ እንጂ፣ እሷ ምን ታድርግ፣ እንስሳ ነው» ቢላትም አልሰማችውም። ሰውዬው በእግሩ ከበረት በረት ዞሮ የሚያድር እንጂ ደመወዝ የሚጠብቅ አልነበረምና፣ እኔ ሁለት ጊደሮች ሸጬ ሕክምናውንና የቤታቸውን ቀለብ ቻልኩ። ጊደሮቹ ሲጫኑ እናታቸው ስታጓራ መዋሏን ለድርጅትዎ ሪፖርት አላደረግሁም፤ ጩኸት በውሌ ውስጥ እንዳልተሸፈነ በዚያን ጊዜ ገብቶኛል። እህቴ ገንዘቡን በሰው እጅ ተቀበለች፤ ወተት ግን ከሌላ ሰፈር ማስመጣት ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ በጎረቤቴ ግቢ እንጀራ ቆርሳ ስትስቅ እየሰማሁ፣ የገዛ እህቴ እኔን ስታይ መንገድ ተሻገረች። ቅናት ምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ፤ የበፊቱ መለማመጃ ነበር።

አምስተኛ፣ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ የአቶ ጥንቁቅን በር አንኳኳሁ። ኮቱን ለብሶ ወጣ። «አንድ ድርጅት፣ አንድ ሰፈር፤ አንተን ያነሳ እኔን ለምን ጣለኝ?» አልኩት። ቁጭ አድርጎ፣ እርስዎና ወኪልዎ በሥራ ብዛት ያላስረዳችሁኝን አስረዳኝ፦

«ያንቺ መድን ያንቺን ንብረት ነው የሚጠብቀው። እኔ በላዩ ላይ የኃላፊነት መድን ገብቻለሁ፤ እሱ ደግሞ የእኔ እርሻ ሌላ ሰው ሲጎዳ በእኔ ቦታ ቆሞ የሚክስ ነው። እሱም ቢሆን ሁሉን አይችልም። ከብት ጠባቂሽ ቢጎዳ ለሠራተኛ ሌላ ዋስትና አለ፤ የሸጥሽው ወተት ሰው ቢያሳምም ደግሞ በውሉ መግባቱን ጠይቀሽ ማረጋገጥ አለብሽ።»

«ይህን ሁሉ ስታውቅ ምነው ሳትነግረኝ?» ስለው፣ «መች ጠይቀሽኝ? ሰላምታሽ እንኳ ከአጥር አያልፍም ነበር» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ለዚህ እርስዎን መክሰስ አልችልም። ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

እርስዎን የምጠይቅዎ አንዲት ነገር ብቻ ናት። ወኪልዎ ስንት ላም አለሽ፣ ስንት ጥጃ አለሽ ብሎ ቀንድ ቀንዱን ቆጥሯል። በዚህ በር ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል ብሎ ግን አልጠየቀኝም። ወተት ገዢው፣ መኖ አምጪው፣ ሐኪሙ፣ እህቴ፣ ቀንድ ስለሌላቸው ይሆን ያልታዩት? ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ነገር የእናንተ ሥራ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጅብ ከሄደ የሚጮኸውም ውሻ እዚያው ኖሯል።

የእህቴ ባል አሁን በምርኩዝ ይራመዳል። እህቴም ባለፈው እሑድ ጣሳዋን ይዛ መጣችና ከበሩ ውጭ ቆመች። አልገባችም። ሰፈሩ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ብገባ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?» አለች።

«እኔ» አልኳት።

ጣሳዋን እንደያዘች ገባች።

በየትኛውም ንዑስ አንቀጽ ከማይገደብ አክብሮት ጋር፣ የቢሮዎ ደጅ ጠኚ፣ የወኪልዎ «እናት»፣ የጎረቤቴም ቀናተኛ የሆንኩ፣

ወተቷ

ማስታወሻ፦ የኃላፊነት መድን ልግባ ብዬ ባመለከትኩት መሠረት፣ ገምጋሚዎ በረቴን ለማየት በሚቀጥለው ሐሙስ እንደሚመጣ ተነግሮኛል፤ እንኳን ደህና መጣ። ውሉ እስኪፈረም ድረስ ግን እሱም ሳይሸፈን የሚገባ እንግዳ መሆኑን በትሕትና አሳስባለሁ። ስለ ኮርማው እንዳይጨነቁ፤ እሱ እንደሆነ ሙሉ ዋስትና አለው።