ድምፅ የማትቀዳዋ ቴፕ

ታዴ፣ የኔ ጌታ፤

ከተለየኸን አሥር ወር ከሁለት ሳምንት ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ተናድጄብህ ነው። ጠዋት ራሴን አመመኝ ብሎ ሥራ የገባ ሰው በሦስተኛው ቀን እንዲያ ሆኖ ይቀራል? ንዴቴ አሁንም አልበረደልኝም። ግን ትናንት ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ሆነና ካንተ ሌላ የምነግረው ሰው አጣሁ።

መጀመሪያ የሰፈሩን ልንገርህ። ከቤታችን ጀርባ ያለው የጤፍ ማሳ ታጥሯል፤ ቤት ሊሠራበት ነው ይላሉ። ነገ እሠራዋለሁ ስትል የከረምከውን የውጭ በር ወንድሜ ጠግኖታል፤ አሁን አይጮህም። እኔ እንኳ ጩኸቱን ነበር የምፈልገው፤ መምጣትህን የማውቀው በሱ ነበራ። በቀበሌው ሱቅ የስኳር ካርድ ላይ ሦስት ይል የነበረው የቤተሰብ ብዛት ተሰርዞ ሁለት ተብሏል። ጸሐፊዋ ስትሰርዘው ቀና ብላ አላየችኝም። ልጃችን ሕሊና አራት ዓመት ሞላት።

የዓመት ፈቃድህን ወስደህ ላንጋኖ የሄድን ጊዜ ትዝ ይልሃል? ካረፍክ ወዲህ ከዚያ ጉዞ ሌላ የማስበው የለኝም። ልንሄድ ስንል በአውሮፕላን አስተናጋጅነት የምትሠራው ጎረቤታችን አስቴር ከውጭ ሁለት ትናንሽ ቴፖች ይዛ መጥታ፣ "ሞክሩና የወደዳችሁትን አስቀሩ" ብላ ለሁለት ቀን ሰጠችን። ጥቁሩ ከበድ ያለ ነው፣ ድምፅም ይቀዳል። ቀይዋ ደግሞ መዳፍ የምታክል፣ በጆሮ ማዳመጫ ካሴት ከማሰማት በቀር ሌላ የማታውቅ።

አንተ ጥቁሩን ወደድከው። "ሕሊናን እንቀዳታለን፤ አንቺንም ስትቆጪኝ እቀዳሻለሁ" አልከኝ። እኔ ግን ፈራሁ። መንገድ ላይ ኬላ አለ፤ ድምፅ መቅጃ አግኝተው ማንን ልትቀዱበት ነው ቢሉን ምን እንመልሳለን አልኩህ። እውነቱን ልንገርህና ፍርሃት ብቻም አልነበረም፤ ቀይዋ አምራኝ ነበር። ስታመነታ ጊዜ፣ "ደግሞስ ድምፅህን ቀድቼ ምን ላደርገው ነው? ቀኑን ሙሉ የምሰማው አነሰኝ?" ብዬ ሳቅኩብህ። አንተም ሳቅክና ጥቁሩን መለስክላት።

ኬላው ላይ ፈታሹ ሻንጣችንን ከፍቶ ቀይዋን አወጣት። ማዳመጫዋን ጆሮው ላይ አድርጎ ትንሽ ከሰማ በኋላ፣ "ጓዶች፣ ከዚህ የተሻለ ካሴት የላችሁም?" አለን። ያ ሁሉ ፍርሃቴ ለዚህ ነበር።

ሐይቁ ዳር ጭንቅላታችንን አጋጥመን በየአንድ ጆሯችን ሰማን። ዘፋኙ እየጎተተ ሲመጣ ባትሪዎቹን አውጥተህ በጥርስህ ነከስካቸው፤ አሸዋው ላይም ለፀሐይ አሰጣሃቸው። ማዳመጫዋን ብቻህን አድርገህ አብረህ ስትዘፍንማ የራስህ ድምፅ አይሰማህምና ዜማውን ገደልከው። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየን ነበር። አፈርኩብህ፤ ዝም በል ብዬ በክርኔ ጎሰምኩህ። ዝም አልክ።

ምነው እጄን በቆረጠው።

ፎቶህ አለ፣ ኮትህ አለ። ድምፅህ ግን የትም የለም። አንዳንድ ቀን ላስታውሰው እሞክርና አይመጣልኝም፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እኔ እንዲህ ከሆንኩ ልጅቷማ ፈጽሞ ትረሳዋለች ብዬ ስሰጋ ከረምኩ። ስለዚህ ትናንት ከአስቴር ድምፅ የሚቀዳ ቴፕ ተዋስኩ። አንተን መስዬ ልቀዳላት አስቤ ነው። ከሥራ ስትመጣ በር ላይ ቆመህ እንደ ትልቅ ሰው እያከበርክ፣ "እትዬ ሕሊና አሉ? እንግዳ ያስገባሉ ወይ?" ትላት አልነበር? እሱን ድምፄን አወፍሬ አልኩት።

ሕሊና ከጓሮ እየሮጠች መጣች። መጀመሪያ በሩን አየች። ቀጥላ እኔን አየች። ምን ነክቶኝ ነው ይህን ያደረግኩት አልኩ በልቤ።

"አባባ እንደዚህ አይደለም የሚለው!" አለችኝ ተቆጥታ። ደረቷን ነፋችና እሷ ትለው ጀመር። "እትዬ" የሚለውን እንዳንተ አስረዘመችው። "ወይ" ላይ ስትደርስ አንተን ሳቅ ያመልጥህ አልነበር? እዚያው ቦታ ላይ እሷም ሳቀች። ታዴ፣ ቁርጥ አንተን ነበር። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለካ ድምፅህ እሷ ዘንድ ነበር፤ ረስታዋለች ብዬ የፈራሁላት እሷ ለኔ አስቀምጣልኝ ነበር።

ቴፑ ይቀዳ ነበር። የኔም ስህተት፣ የሷም እርማት፣ ለቅሶዬም ሁሉ ካሴቱ ላይ አለ። አውጥቼ ከጀርባው ያሉትን ሁለት ትናንሽ ፕላስቲኮች በቢላ ጫፍ ሰበርኳቸው። እነሱ ከተሰበሩ ሌላ ነገር እንደማይቀዳበት ያሳየኸኝ አንተ ነህ።

አልረሳህም ብዬ በራሴ ብቻ ቃል አልገባልህም፤ እኔን ታውቀኛለህ። ግን እኔ ስሳሳት ሕሊና ታርመኛለች፤ እኔም እንድታርመኝ እየጠየቅኳት እኖራለሁ። ቀይዋን ቴፕ ከቁም ሳጥኑ አውጥቻታለሁ። ካሴቱ ውስጧ ገብቷል። ከሕሊና ጋር ጭንቅላታችንን አጋጥመን እንሰማዋለን፤ ባትሪዎቹን ነክሼ ደጃፍ ላይ ለፀሐይ አስጥቻቸዋለሁ።

ያንተው ቁጡ፣
ዘነቡ